ዕቃ ከመለወጥ በፊት መሥመሩን መመርመር
(በኩታበር ለማታ የንባብ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ፊደል ከቈጠርን በኋላ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ እርከንና ስለ ክትባት አብረን አንብበናል። ዛሬ ደግሞ ስለ መኪና እንነጋገራለን። ይኸውም ለሞተሩ ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበት መሥመር ሲበላሽ ብልሽቱ እንዴት እንደሚፈለግ ነው።

«እኛ ያለን በሬና አህያ ነው፤ ስለ መኪና ማወቅ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን እስቲ እናስተውል። ከኩታበር እስከ ደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምጥ የጠናባት እናት ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ፈጥና የምትደርሰው በመኪና ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ዘይትና ጨው፣ ሳሙናና ደብተር የሚመጣልን በመኪና ነው። ገብሱና ባቄላው፣ በጉና ቅቤው ወደ ደሴ የሚወርደውም እንዲሁ ነው። ወደ ተንታ፣ ወይም በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ለሚጓዝ ሰውማ መንገዱ ገደልና ዳገት የበዛበት ነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ መኪና ሲቆም የሚቸገረው ባለመኪናው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ ምክንያትም አለን። ከመካከላችሁ ልጆቻችሁን ሙያ እንዲማሩ ደሴ ጋራዥ ያስገባችሁ አላችሁ። ገንዘብ አዋጥታችሁ መኪና ለመግዛት የምታስቡም አላችሁ። መኪና ሲታመም፣ ስለ ሕመሙ ምንም የማያውቅ ሰው የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል። ትንሽ የሚያውቅ ሰው ግን «ይህን በምን አረጋገጣችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች አንዲት ጥያቄ የበሬ ዋጋ የምታድንበት ጊዜ አለ። እንዴት እንደምታድን ቈይተን እንነግራችኋለን።

ነዳጅ መርጫው ምንድን ነው?

መኪና አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤንዚን መኪናዎች ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉት ካርቡራተር በተባለ መሣሪያ ነበር። አየሩ በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ነዳጁን ስቦ ይወስደዋል። ሥራው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ነዳጁን በልክ አይመጥንም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ለቮልስዋገን መኪና አቀረበ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ እየተሻሻለ በዓለም ተስፋፋ። ዛሬ በአዳዲሶቹ የቤንዚን መኪናዎች ላይ ካርቡራተር አይገኝም። በምትኩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ነዳጅ መርጫ ተገጥሞለታል። ባለሙያዎች ኢንጀክተር ይሉታል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጥራው።

ኢንጀክተር በእጅ ጭብጥ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። በውስጡ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦና እንደ መርፌ ያለች መዝጊያ አለች። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ጥምጥሙ ማግኔት ይሆናል። ማግኔቱ መዝጊያዋን ይስባታል፤ ቤንዚኑም እንደ ጉም ሆኖ ይረጫል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ስፕሪንግ መዝጊያዋን መልሶ ይደፍናታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በቅጽበት ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል። ኢንጀክተሩ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ቢረጭ፣ በደቂቃ 400 ጊዜ ይከፈታል ይዘጋል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተከፍቶ የሚቈየውም፣ አንድ ሴኮንድ ለሺህ ቢከፈል ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ዕቃ፣ ሽቦው ጥቂት ቢታወክበት ሥራው መሰናከሉ ያስደንቃልን?

መሥመሩ እንደ እጅ ባትሪ ነው

የእጅ ባትሪ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድንጋይ አለው፣ አምፖል አለው፣ ማብሪያ አለው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋዩ ተነሥቶ፣ በአምፖሉ አልፎ፣ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። መንገዱ ዙር ነው። ዙሩ የትም ቦታ ቢቈረጥ አምፖሉ ይጠፋል።

የእጅ ባትሪያችሁ አልበራ ቢል ወዲያው አምፖል ለመግዛት ሱቅ ትሮጣላችሁን? አትሮጡም። መጀመሪያ ድንጋዩን ታያላችሁ። ቀጥሎ ጫፉን ትጠርጋላችሁ። ማብሪያውን ወደፊት ወደኋላ ታደርጋላችሁ። አምፖል የምትገዙት ሌላው ሁሉ ደኅና መሆኑን ስታውቁ ነው። የመኪናም ምርመራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

የኢንጀክተር ዙር የሚከተለው ነው፤

1. ባትሪው። የኤሌክትሪኩ ምንጭ ነው።
2. ፊውዙ። ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ራሱን አቃጥሎ ሌላውን ያድናል።
3. ሪሌው። ቁልፉ ሲከፈት መሥመሩን የሚያገናኝ ማብሪያ ነው።
4. ኢንጀክተሩ።
5. ኮምፒውተሩ። በልኩና በሰዓቱ ዙሩን ይከፍታል ይዘጋል።
6. የመኪናው ብረት። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚህ ነው። መካኒኮች «ማሳ» ይሉታል። የእርሻው ማሳ አይደለም፤ ቃሉ ከጣልያን የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በተለመደው የቤንዚን መኪና ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ 12 ቮልቱ ኢንጀክተሩ ድረስ መጥቶ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው የመመለሻውን በር መክፈትና መዝጋት ነው። ስለዚህ ኢንጀክተር ላይ ሁለት ሽቦ አለ፤ አንዱ አምጪ ነው፣ አንዱ መላሽ ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው ምርመራውን ባይጀምር ይሻላል።

ሁሉም ነው ወይስ አንዱ?

የቀበሌው መብራት በሙሉ ቢጠፋ ስለ አንድ ቤት አምፖል የሚጨነቅ የለም። ትራንስፎርመሩ ወይም ዋናው መሥመር ነው የሚታየው። የአንድ ቤት መብራት ብቻ ቢጠፋ ግን የዚያ ቤት ሽቦ ይፈተሻል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን የምርመራው ግማሽ ይኸው ነው።

ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረው ሞተሩ ጨርሶ ካልተነሣ፣ የጋራ የሆነውን ነገር ጠርጥሩ። ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ የነዳጅ ፓምፑን፣ ዋናውን የማሳ ሽቦ ማለት ነው። አራት ኢንጀክተሮች በአንድ ሌሊት አብረው አይሞቱም። ሞተሩ ተነሥቶ የሚንገጫገጭ፣ ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ ከሆነ ግን ከአራቱ አንዱ ሥራ አቁሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የዚያን የአንዱን የብቻ መሥመር ፈልጉ። ካንዴላውንም አትርሱ። ካንዴላው እሳት ካልሰጠ ነዳጁ በደንብ ቢረጭም ያው ነው።

እኛ ያየነው ምርመራ

አሁን የበሬውን ነገር እንንገራችሁ። አንድ ባለመኪና በቤንዚን የሚሠራ ባለ አራት ሲሊንደር ፒካፕ አላቸው። መኪናው ይንገጫገጭ ጀመር። በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ያለባት ብጫ መብራት በራች። አንድ ሰው መኪናውን አስነሥቶ አዳመጠና «ኢንጀክተሩ አልቋል፤ አራቱንም ለውጡ» አላቸው። ምንም አልለካም። ባለመኪናው የአራቱን ዋጋ ሲሰሙ በሬ ለመሸጥ ተነሡ። ከመሸጣቸው በፊት ግን ረጅም ዘመን በሙያው ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄዱ። እኛም ደብተር ይዘን አብረናቸው ነበርን።

ሽማግሌው መጀመሪያ ኮፈኑን አልከፈቱም። ጠየቁ።

«መቼ ነው የሚብሰው?»

«ጋሼ፣ ቁርቁስ መንገድ ላይ ይብሳል። አስፋልት ሲገባ ይሻለዋል።»

«ከዚህ በፊት ሞተሩን የነካው ሰው አለ?»

«ከሁለት ወር በፊት ጋስኬት አስለውጫለሁ።»

«አብሽር! በሬውን ገና አትሽጠው» አሉ።

ከዚያ ለሥራው ተዘጋጁ። የእጅ ፍሬኑ ተያዘ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደረገ፤ ካምቢዮው ዜሮ ላይ ሆነ። «ሲጋራ የሚያጨስ ይራቅ። እናንተም ልጆቼ፣ ጋቢያችሁን ሰብስቡ፤ ቺንጊያው ጋቢ ከያዘ እጅም አይለቅም» አሉን። ቤንዚን ባለበት ቦታ እሳት፣ በሚዞር ሞተር አጠገብ የተንዘረፈፈ ልብስ ሰው ይገድላል። ይህን ሳያደርግ ኮፈን የሚከፍት ሰው መካኒክ አይባልም።

በመጀመሪያ ባትሪው ተለካ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.5 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ 14.1 ቮልት ሆነ። ጻፍን። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ወደ 12.0 ከወረደ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው ወደ 14 ቮልት ያህል ያደርሰዋል። ስለዚህ ምንጩ ደኅና ነው።

ቀጥሎ ኮድ ማንበቢያ ተሰካ። የመኪናው ኮምፒውተር ያየውን ችግር በቁጥር መዝግቦ ያስቀምጣል። የወጣው «ፒ 0203» የሚል ነበር። ይህም የሦስተኛው ሲሊንደር የኢንጀክተር መሥመር ችግር አለበት ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያው ሦስተኛው ኢንጀክተር ይለወጥ» አለ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ኮዱ ቀበሌውን ይነግርሃል እንጂ ቤቱን አይነግርህም።»

እውነትም ኮዱ የሚለው «መሥመር» ነው። በመሥመሩ ላይ ኢንጀክተሩ አለ፤ ሽቦው አለ፤ ሶኬቱ አለ፤ ኮምፒውተሩም አለ። ጥፋተኛው ከእነዚህ ማንኛውም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አንሥተው ጫፉን በኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን በጆሮአቸው ላይ አደረጉ። እኛም በየተራ አዳመጥን። አንደኛው ጠቅ ጠቅ ይላል። ሁለተኛውም አራተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው አንዴ ይላል፣ አንዴ ይተዋል። ቀጥለው ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ነቅለው መለሱ። የአንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ይደክማል፤ ሲመለስ ይበረታል። የሦስተኛው ሲነቀል ግን ምንም ለውጥ አልነበረም። ሠራተኛ ከሥራ ሲቀር ካልታወቀ ቀድሞውንም አይሠራም ነበር ማለት ነው።

የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላም ተፈትሾ ደኅና ሆኖ ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በሦስተኛው ኢንጀክተር ላይ ይመሰክራል። ነገር ግን ምስክር ከመስማት መለካት ይበልጣል። ሞተሩ ጠፋ፤ ሶኬቶቹ ተነቀሉ። የአራቱ ጥምጥም ሽቦ በኦም ተለካ። አንደኛው 13.8፣ ሁለተኛው 13.9፣ ሦስተኛው 13.8፣ አራተኛው 14.0 ሆነ። በብዙ የቤንዚን መኪናዎች ላይ ይህ ቁጥር ከ12 እስከ 16 ኦም ባለው ውስጥ ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ያላቸው ኢንጀክተሮችም አሉ፤ ስለዚህ የመኪናውን መጽሐፍ ማየት፣ ወንድሞቹንም እርስ በርሳቸው ማወዳደር ያስፈልጋል። የሦስተኛው ቁጥር ከወንድሞቹ አልተለየም። የታማው ኢንጀክተር ጥምጥሙ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ!

ቁልፉ ተከፈተና በሦስተኛው ሶኬት አምጪ ሽቦ ላይ ቮልት ተለካ። 12.4 ሆነ። «ቮልቱም አለ፤ እንግዲህ ኮምፒውተሩ ነው» አልን። ሽማግሌው ግን እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ሰጡን።

«ቮልት መለኪያ ከመሥመሩ የሚጠጣው ከእፍኝ ያነሰ ነው። አህያ ሳትጫን ብታያት ሁሉም ጤነኛ ናት። ጫንና እያት!»

ከኋላ መብራት የወጣች ትንሽ 12 ቮልት፣ 5 ዋት አምፖል አመጡ። አንዱን ጫፍ ከአምጪው ሽቦ፣ ሌላውን ከባትሪው ነጌቲቭ አገናኙ። በአንደኛው ሲሊንደር ሶኬት ላይ አምፖሏ ቦግ ብላ በራች። በሦስተኛው ላይ ግን እንደ ፍም ቀልታ ቀረች። ሽቦውን ሲነቀንቁት አንዴ ትበራለች፣ አንዴ ትደክማለች። የበሽታው ቦታ ተገኘ።

ሽቦው ከውጭ ሲታይ ምንም የለበትም። ልባሱ ሲገፈፍ ግን በውስጡ ያሉት የመዳብ ክሮች ከሶኬቱ አራት ጣት ያህል ርቀው ተቆራርጠዋል። ጫፎቻቸው ይነካካሉ እንጂ አልተያያዙም፤ አረንጓዴ ዝገትም በልቷቸዋል። ምክንያቱም ታወቀ። ጋስኬቱ ሲለወጥ ሽቦውን ደግፎ የሚይዘው ማሰሪያ ሳይመለስ ቀርቷል። ሽቦው ተንጠልጥሎ በቁርቁስ መንገድ ሲወዛወዝ ከርሞ ውስጡ ተበጠሰ። ባለመኪናው መጀመሪያ የነገሩን፣ «ቁርቁስ ላይ ይብሳል» ያሉት፣ ይህንኑ ኖሯል። ሕመምተኛው ራሱ የሕመሙን ቦታ ይናገራል፤ ጠያቂ ከተገኘ።

ለምን 12 ቮልት እያለ አልሠራም?

ይህን በተማርነው ሒሳብ እንየው። በመሥመር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መጠን በአምፔር ይለካል። አምፔሩን ለማግኘት ቮልቱን ለኦሙ ማካፈል ነው። ቮልቱ 12፣ የኢንጀክተሩ ኦም 12 ቢሆን፣ 12 ሲካፈል ለ12 አንድ አምፔር ይሆናል። በዚህ ኃይል መዝጊያዋ ትከፈታለች።

አሁን የተበላሸው ሽቦ ራሱ ሌላ 12 ኦም ቢጨምርስ? ድምሩ 24 ይሆናል። 12 ሲካፈል ለ24 ግማሽ አምፔር ነው። ማግኔቱ ደከመ፤ መዝጊያዋ በሰዓቷ አትከፈትም። ቮልት መለኪያው ግን እጅግ ጥቂት ስለሚወስድ የሽቦው ሕመም አይታየውም። አምፖሏ ያወቀችው ስለተጫነች ነው።

ብልሽቱ ሌላ ቢሆን ኖሮስ?

ሁሉም መኪና የሚታመመው በአንድ ዐይነት አይደለም። ስለዚህ ፍርዱን በአጭሩ እናስቀምጥ።

በአራቱም ሶኬቶች ላይ ቮልት ከሌለ ፊውዙንና ሪሌውን እዩ። በአንዳንድ መኪና ሪሌው የሚከፈተው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው ሞተሩን እያዞረ መለካት ያስፈልጋል።

የጥምጥሙ ኦም ማለቂያ የሌለው ሆኖ ከተገኘ ጥምጥሙ ተበጥሷል፤ ያኔ ኢንጀክተሩ ይለወጥ። ወደ ዜሮ ከተጠጋም ይለወጥ። እንዲያውም ይህኛው ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል መኪናውን እንዲሁ መንዳት አይገባም።

አምጪው ሽቦ ተጭኖም ደኅና ከሆነ፣ ጥምጥሙም ጤነኛ ከሆነ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራች ትንሽ መመርመሪያ መብራት በኢንጀክተሩ ፈንታ በሶኬቱ ላይ ትሰካለች። ሞተሩ ሲዞር ብልጭ ብልጭ ካለች ኮምፒውተሩ ትእዛዝ እየሰጠ ነው። ካላለች ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ሽቦ ይፈተሻል። ኮምፒውተሩ የሚጠረጠረው ከሁሉ በመጨረሻ ነው።

ሁለት ነገር ግን ክልክል ነው። ትልቅ አምፖል በኮምፒውተሩ ሽቦ ላይ አታገናኙ፤ ብዙ ስለሚጠጣ ኮምፒውተሩን ያቃጥላል። ሽቦውንም በመርፌ እየወጋችሁ አትለኩ፤ ዛሬ የወጋችሁት ቀዳዳ ለክረምቱ ውሃ መግቢያ ይሆናል።

የናፍጣ መኪና ሲሆን

በእኛ መንገድ ከሚመላለሱት መኪናዎች ብዙዎቹ የናፍጣ ስለሆኑ ስለ እነርሱም አንድ ቃል እንበል። ናፍጣዎች ሁለት ዐይነት ናቸው።

የቀድሞዎቹ፣ ለምሳሌ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የላንድክሩዘር «1 ኤችዜድ» ሞተር፣ ናፍጣውን የሚረጩት በፓምፕ ግፊት ነው። ኢንጀክተራቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ የለውም። ነገር ግን ፓምፑ ላይ ናፍጣውን የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ አለ። ቁልፉ ሲከፈት ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ እንቢ ካለ፣ ፓምፕ አውርዶ ከመፍታት በፊት ይህቺ ሽቦ 12 ቮልት ማግኘቷን መለካት ነው። አንዲት የላላች ሽቦ ትልቁን መኪና ታቆመዋለች።

አዲሶቹ ናፍጣዎች ግን ሌላ ናቸው። «ኮመን ሬል» ይባላሉ። ኢንጀክተራቸው በኮምፒውተር ይታዘዛል፤ ወደ ኢንጀክተሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በብዙዎቹ ከ12 ቮልት እጅግ የበለጠ፣ አንዳንዱም እስከ መቶ ቮልት የሚጠጋ ነው። የናፍጣው ግፊት ደግሞ ከ1,000 ባር ያልፋል። የመኪና ጎማ አየር ሁለትና ሦስት ባር መሆኑን ስታስቡ የዚህን ኃይል ትረዳላችሁ። ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን ማላላት፣ የሚያፈስበትን ቦታ በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም። ናፍጣው ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ እጅም ያሳጣል። ይህ ለተማረ ባለሙያና ለተሟላ መሣሪያ ብቻ የሚተው ነው።

ጥገናው እንዲበረክት

ወደ ፒካፑ እንመለስ። ሽማግሌው የባትሪውን ሽቦ ፈቱ፤ የዛገውን ክፍል ቈርጠው ጣሉ። በልኩ ውፍረት ያለው አዲስ ሽቦ ቀጠሉ፤ መገናኛውን በሊድ በየዱ። በላዩ ላይ በሙቀት የሚጨማደድ ልባስ አለበሱት። በመጨረሻም የጠፋውን ማሰሪያ መልሰው ሽቦው እንዳይወዛወዝ አሰሩት። ሞተሩ ተነሣ፤ ጸጥ ብሎም ሠራ። አምፖሏም በሦስተኛው ሶኬት ላይ እንደ ወንድሞቹ ቦግ አለች። ኮዱ ተሰረዘ፤ መኪናው ቁርቁስ መንገድ ላይ ሄዶ ተመለሰ፤ ብጫዋ መብራት ተመልሳ አልበራችም። የወጣው ወጪ የአንድ ክንድ ሽቦና የሽማግሌው የድካም ዋጋ ብቻ ነበር። በሬው ዛሬም ያርሳል።

ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠምጠም ጥገና አይደለም። ናስትሮው በሞተሩ ሙቀት ይላላል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባበታል። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት መተካት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ፊውዝ ዘበኛ ነው። ዘበኛውን ያባረረ ሰው ቤቱ ሲቃጠል አያማርር። ሞተሩንም በኃይለኛ ውሃ አትጠቡ። መኪናው ለብዙ ቀን ከቆመ አይጥ ሽቦውን እንዳትበላው ከመነሣታችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ።

የንግግራችን ፍሬ ነገር

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ በእጃችን ያሉት ለብዙ ዓመት እየተጠገኑ ይሠራሉ ማለት ነው። ስለዚህ በትክክል መመርመር የሚችል ሰው ከቀድሞ ይልቅ ያስፈልገናል። ወደፊት የሚበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቢሆኑ ዙር፣ ፊውዝና ሽቦ አላቸው፤ ይልቁንም እነርሱ የሚገድል ከፍተኛ ቮልት ስለሚይዙ ይበልጥ ዕውቀት ይጠይቃሉ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በየቀበሌው ሰው ስሙን መጻፍ ተማረ። ስም መጻፍ መጀመሪያ ነው፤ መጨረሻ ግን አይደለም። ያ ሽማግሌ መካኒክ በሬውን ያዳኑት በምን ይመስላችኋል? በብዙ መሣሪያ አይደለም። ጠየቁ፣ ለኩ፣ አወዳደሩ፣ ቁጥሩም በደብተር ተጻፈ። ቁጥር ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ይህን ሊያደርግ ይችላል። ልጆቻችሁን ጋራዥ ስታስገቡ ከካቻቢቴው ጋር ደብተርና እስክሪብቶ ስጧቸው። ያልተጻፈ ቁጥር ነገ አይወዳደርም።

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ሳይለካ ዕቃ የሚለውጥም እንዲሁ ነው። መኪና ብቻ አይደለም፤ የውሃ ፓምፑ ሲቆም፣ ወፍጮው ሲጠፋ፣ የቤት መብራት ሲቋረጥ መንገዱ አንድ ነው። ከምንጩ ጀምሩ፤ ሁሉም ነው ወይስ አንዱ ብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ በአንድ ሂዱ፤ ዕቃ የምትለውጡት በመጨረሻ ነው።



ጥያቄዎች

1. በኢንጀክተር ላይ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ሥራቸው ምንድን ነው?
2. ሞተሩ ጨርሶ ካልተነሣና ሞተሩ ተነሥቶ ከተንገጫገጨ ምርመራው በምን ይለያል?
3. ቮልት መለኪያው 12.4 ሲያሳይ አምፖሏ ለምን ደከመች?
4. ቮልቱ 12፣ የመሥመሩ ኦም በጠቅላላው 16 ቢሆን የሚያልፈው ስንት አምፔር ነው?
5. በቤታችሁ ወይም በቀበሌያችሁ ተበላሽቶ የቆመ ዕቃ ካለ፣ ምርመራውን ከየት እንደምትጀምሩ በደብተራችሁ ጻፉ።